«አባባ ጃጁ» አትበዪ

እህቴ፣ አባባ ስምሽን ስተው፣ ግድግዳው ላይ ሰው አለ ሲሉ ስላደሩ ደንግጠሽ ነው «ጃጁ» ያልሽው። ለሐኪሙ ግን እንዲህ ብለሽ እንዳትነግሪው። ዳሌያቸው እስከተሰበረበት ቀን ድረስ የእድሩን ሒሳብ የሚይዙ ሰው በአንድ ሌሊት አይጃጁም። «እስከ ትናንት ደህና ነበሩ፤ ከሌሊቱ ጀምሮ ሐሳባቸው አልሰበሰብ ብሏል፤ አንዴ መለስ ይላሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ» በዪው። ሐኪሙ ድሮ እንዴት እንደነበሩ አያውቅም፤ የምታውቂው አንቺ አስታማሚዋ ነሽ። ድንገት መጀመሩንና መለዋወጡን ሲሰማ ዴሊሪየምን፣ በሕመም ምክንያት ድንገት የሚመጣውን የአእምሮ መደነጋገር፣ ይጠረጥራል።

ዳሌያቸው ሲሰበርና ቀዶ ጥገና ሲደረግላቸው ሰውነታቸው ተቆጥቷል። ቁጣው ደግሞ ቁስሉ ላይ ብቻ አይቀርም። ሳይቶካይን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በደም ይዞራሉ፤ ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር ያላላሉ። አንጎል ውስጥ ያሉት ጠባቂ ሕዋሳት፣ ማይክሮግሊያ፣ በተራቸው ይቆጣሉ፤ ሐሳብም ይደነጋገራል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ቢጨመር ይብሳል። አዛውንት ትኩሳት ሳያሳዩም ኢንፌክሽን ሊይዛቸው ይችላል፤ «ትኩሳት የላቸውም» ብትባዪም ምርመራ ጠይቂ። አክስታችን ጸበል ካመጡም ያምጡ፤ ምርመራውን ግን አያስቀር።

እኛን ወጣቶቹን ቢያመን ለምን እንደ አዛውንቱ አንሆንም? አንዱ ምክንያት ከዕድሜ ጋር የሚመጣ ለውጥ ሊሆን ይችላል። ዘረ መል ሳይለወጥ አሠራሩ ብቻ የሚለወጥበት መንገድ አለ፤ ኤፒጄኔቲክስ ይሉታል። ሜቲል የሚባሉ ምልክቶች ዘረ መሉ ላይ እንደ መቀርቀሪያ ተቀምጠው ይይዙታል። በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሐኪም ጌን ሺኖዛኪና ባልደረቦቻቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ዴሊሪየም በያዛቸው ታካሚዎች ደም ውስጥ ቲኤንኤፍ አልፋ የተባለውን ሳይቶካይን የሚያሠራው ዘረ መል ላይ ያለው ሜቲል ዕድሜ ሲገፋ እየቀነሰ ሲሄድ አይተዋል። መቀርቀሪያው ሲላላ ሰውነት በቀላሉ ይቆጣል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህ ገና የምርምር ነገር ነው፤ ላቦራቶሪ ሄደሽ የምታሠሪው አይደለም።

በእጅሽ ያለው ሌላ ነው። መነጽራቸውን አምጪላቸው። ቀን መጋረጃውን ክፈቺ፣ ሌሊት መብራት ይጥፋ፣ ውሃ አይጉደል፤ ሐኪሙ ከፈቀደ ደግፈሽ አስነሺያቸው። ትንሽ ነገር እንዳይመስልሽ። ሐኪሟ ሻሮን ኢኖዬ በዬል ዩኒቨርሲቲ 852 አዛውንት ታካሚዎችን አጥንተው በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ፣ በዚህ ዓይነት እንክብካቤ ዴሊሪየም የያዛቸው 9.9 በመቶ ሲሆኑ፣ በተለመደው አያያዝ ግን 15 በመቶ ነበሩ። ግድግዳው ላይ ስላለው ሰው አትሟገቻቸው፤ እጃቸውን ይዘሽ ማን እንደሆንሽና የት እንዳሉ ንገሪያቸው። ለእንቅልፍ ዳያዜፓም ይሰጣቸው ብለሽ አንቺ አትለምኚ፤ መደነጋገሩን ሊያባብሰው ይችላል። (መጠጥ ያቋረጡ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ሌላ ነበር።)

ከሁሉ የምፈራው ዝምታውን ነው። ቀኑን ሙሉ ፈዘው፣ ሲጠሯቸው ዘግይተው ቢመልሱ «ተመስገን፣ አረፉ» እንዳትዪ። የሚጮኸውን ሁሉም ያየዋል፤ ፈዞ የሚውለው ዴሊሪየም ግን ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ይቀራል። ያኔውኑ ተረኛዋን ነርስ ጥሪ።

ቤት ከገቡ በኋላም ለሳምንታት ሊደነጋገሩ ይችላሉ፤ የእድሩን መዝገብ ቶሎ ከእጃቸው አትቀበሏቸው። ሌሊቱን ደግሞ ብቻሽን አትያዢው፤ ከወንድማችን ጋር ተፈራረቁ።