ምልክቱ ሞልቶ መስመሩ ሲሞት

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022፣ ዓርብ ንጋት ላይ፣ የካናዳው ሮጀርስ ኔትወርክ ወደቀ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች ስልክና ኢንተርኔት አጡ። የኢንተራክ የካርድ ክፍያ አብሮ ስለቆመ ብዙ ሱቆች «ጥሬ ገንዘብ ብቻ» ብለው ለጠፉ። ከሁሉ የከፋው ግን ብዙዎች ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 መደወል አለመቻላቸው ነው። የተፎካካሪዎቹ ኩባንያዎች የቤልና የቴሉስ አንቴናዎች እዚያው ሰፈር ውስጥ በደህና ይሠሩ ነበር። ታዲያ ስልኩ ለምን ወደ እነሱ አልዞረም?

መልሱ ያለው ስልክ ኔትወርክ በሚመርጥበት መንገድ ላይ ነው። ሲም ካርዱ ውስጥ የደንበኛው መለያ ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች አገሩን ይናገራሉ፤ 302 ካናዳ ነው፣ 636 ኢትዮጵያ። ቀጥሎ የኩባንያው መለያ ይመጣል። አንቴናዎችም ይህንኑ የአገርና የኩባንያ መለያ ያለማቋረጥ ያሰራጫሉ። ስልኩ ሲከፈት በዙሪያው ያለውን ያዳምጥና ከሲሙ ጋር የሚገጥመውን ፈልጎ «መዝግበኝ» ይላል። አንቴናው ግን በራሱ የሚወስነው ነገር የለም። ጥያቄውን የደንበኞች መዝገብ ወዳለበት ዋናው ማዕከል ያስተላልፋል፤ ጥሪ የሚያገናኘውም ማዕከሉ ነው። አንቴናው በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው ማለት ይቻላል።

በሮጀርስ የተበላሸው ይኸው ማዕከል ነው። ሰባት ደረጃ ካለው የማሻሻያ ሥራ ስድስተኛው ላይ ሳሉ ባለሙያዎቹ ከአንድ የማከፋፈያ ራውተር ላይ ማጣሪያ አነሡ። ማጣሪያው ያግደው የነበረው የመንገድ መረጃ ጎርፍ ሆኖ ወደ ዋናዎቹ ራውተሮች ገባ፤ እነሱም አልቻሉትም፣ ወደቁ። አንቴናዎቹ ግን መብራት አላቸው፣ ሞገድ ያሰራጫሉ። ስለዚህ ስልኩ የራሱን ኩባንያ ምልክት እያየ እዚያው ተጣበቀ። ሙሉ በሙሉ ከሞተ ኔትወርክ ይልቅ ግማሹ የሞተ ይብሳል የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በአደጋ ጊዜ ጥሪ ሕጉ ለጋስ ነው። በካናዳም በብዙ ሌሎች አገሮችም የራሱን ኔትወርክ ያጣ ስልክ፣ ሲም ባይኖረው እንኳ፣ በአቅራቢያው ባገኘው በማንኛውም ኩባንያ አንቴና በኩል ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥር መደወል ይችላል። ችግሩ «ያጣ» የሚለው ላይ ነው። ስልኩ አላጣሁም ብሎ ካመነ መጀመሪያ የሚሞክረው በራሱ ኩባንያ ነው። እምቢ ሲለው ሌላውን የሚሞክር ስልክ አለ፤ የሚዘገይ ወይም ጭራሽ የማይሞክርም አለ። ሲሙን አውጥቶ መደወል መፍትሔ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ሲም የሌለው ስልክ የሚጣበቅበት ኩባንያ የለውም። ኢሲም ያለው ሰው ከቅንብሮች ገብቶ መስመሩን ማጥፋት ነው። አውስትራሊያም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2023 የኦፕተስ ኔትወርክ ሲወድቅ ይኸው ችግር ገጠማት፤ 2,145 ሰዎች ወደ አደጋ ጊዜ ቁጥሩ 000 ደውለው አልተገናኙም። ትክክለኛው ፈውስ ያለው ከደንበኛው ሳይሆን ከኩባንያው ዘንድ ነው፤ ከማዕከሉ የተቆረጠ አንቴና ሞገዱን ራሱ ማጥፋት አለበት። በጭንቅ ሰዓት ሲም ማውጫ መርፌ ፈልግ ማለት ቀልድ ነው።

ከአደጋ ጊዜ ጥሪ ውጭ ላለውስ? እዚህ ላይ «ሮሚንግ አለ አይደል?» የሚል ይኖራል። ሮሚንግ፣ ማለትም በሌላ ኩባንያ አንቴና መጠቀም፣ የሚያድነው አንዱን ዓይነት ብልሽት ብቻ ነው። ዩክሬን ጥሩ ምሳሌ ናት። እ.ኤ.አ. በማርች 2022፣ ጦርነቱ አንቴናዎችን ሲያወድም፣ ኪየቭስታር፣ ቮዳፎንና ላይፍሴል የአገር ውስጥ ሮሚንግ ከፈቱ። ሰዉ ከስልኩ ቅንብር ገብቶ አውቶማቲክ ምርጫውን ያጠፋና ከዝርዝሩ ሌላውን ኩባንያ ይነካል። አንቴናው ቢወድቅም የደንበኛው መዝገብ ያለበት ማዕከል በሕይወት ስለነበር ሠራ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 2023 ግን የሳይበር ጥቃት የኪየቭስታርን ማዕከል ራሱን መታ። 24 ሚሊዮን ገደማ ደንበኞቹን ሮሚንግ አላዳናቸውም፤ ተቀባዩ ኩባንያ «ይህ ሰው የእናንተ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሚመልስለት የለምና። ሰዉ የሌሎቹን ኩባንያዎች ሲም ለመግዛት ተሰለፈ። ቤልና ቴሉስም ለሮጀርስ እናግዝ ብለው ነበር። ሮጀርስ ግን የራሱን የደንበኞች መዝገብ መድረስ አልቻለም፤ ቢችልም ያን ሁሉ ሰው በድንገት የሚሸከም ኔትወርክ አልነበረም።

ስለዚህ ለተራ ተጠቃሚ የሚቀረው በተለየ ማዕከል የሚሠራ ሁለተኛ ሲም ነው። «የተለየ ማዕከል» የሚለው ይሰመርበት። ፊዶና ቻተር የሮጀርስ ስሞች ናቸው። ቶሮንቶ ውስጥ አንድ ሮጀርስ፣ አንድ ፊዶ የያዘ ሐበሻ ሁለት ቢል ይከፍላል እንጂ መጠባበቂያ የለውም። በኢትዮጵያ ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2022 አገልግሎት በይፋ ከጀመረ ወዲህ ባለሁለት ሲም ስልክ ላይ የነባሩን ኩባንያ 09 እና የሳፋሪኮምን 07 አብሮ መያዝ ይቻላል።

ሁለት ሲም ስላለ ብቻ ግን ስልኩ በራሱ ይዞራል ማለት አይደለም። ዳታ በአብዛኛው በአንዱ ሲም ላይ ተወስኖ የሚቆይ ስለሆነ፣ ኔትወርክ ሲጠፋ ቅንብር ውስጥ ገብተው የዳታውን ሲም ራስዎ መቀየር አለብዎት። አውሮፕላን ሁነታን አብርቶ ማጥፋት ስልኩ ራሱ ተደናግሮ ከሆነ ይረዳል፤ ማዕከሉ ከወደቀ ግን ባትሪ ከመጨረስ ያለፈ ጥቅም የለውም። በሞተው ቁጥር የሚደውልልዎት ሰውም አያገኝዎትም፤ ባንኩ ወደዚያው ቁጥር የሚልከው የማረጋገጫ ኮድም አይደርስም። ስለዚህ ሁለተኛውን ቁጥር ቤተሰብ አስቀድሞ ይያዘው። ለረጅም ጊዜ ያልተሠራበትን ሲም ብዙ ኩባንያዎች ስለሚዘጉት፣ ጥቂት ሂሳብ እየሞሉ አልፎ አልፎ ይደውሉበት።