ቤቱ ከነተከራዮቹ ሲመለስ

ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ያለው የአያቱ ቤት የተመለሰለት ወጣት፣ ቤቱ ውስጥ በቀበሌ ኪራይ የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦችን አገኘ። የቀበሌ ቤቶችን ጉዳይ ጠንቅቀው የሚያውቁ አዛውንት ጎረቤቱን ሊያማክር ሄደ።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ የሚከፍሉት የወር ኪራይ ለአንድ ምሳ አይበቃም። ልጨምርባቸው ወይስ ላስወጣቸው?

ሽማግሌው፦ መጀመሪያ እንዴት እንደገቡ እወቅ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራዩ እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለመንግሥቱ የኪራይ ቤቶች ድርጅት ተሰጠ፤ ኪራይም ተቀነሰ። እነዚህ ሰዎች ከአያትህ አልነጠቁም። ቀበሌ ነው ቁልፍ ሰጥቶ፣ ደረሰኝ እየቆረጠ ያኖራቸው።

ወጣቱ፦ ታዲያ ለእኛ ለምን ተመለሰ?

ሽማግሌው፦ በ1987 የወጣው አዋጅ ቁጥር 110 ከአዋጅ ውጪ የተወሰደው እንዲመረመር ስለፈቀደ ነዋ። በአዋጁ የተወረሰውማ እንደተወረሰ ቀረ። የከዚራን መንደር እይ፤ ፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ዛሬም ከአዲስ አበባ ውጪ ቤት የሚያስተዳድረው እኛው ድሬዳዋ ነው።

ወጣቱ፦ ግን ቤቱን አፍርሰውታል። ቆርቆሮው ዝጓል፣ ግድግዳው ተሰንጥቋል።

ሽማግሌው፦ ቤቱን የጎዳው ኪራዩ ነው፣ ልጄ። ያ ገንዘብ ምስማር እንኳ አይገዛም፤ ቀበሌም አያድስም። ማድ ቤቱን፣ መጸዳጃውን፣ ኮርኒሱን ማን እንደሠራ ጠይቅ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት፣ ጎርፉ የገባባቸውን ቤቶች ጭቃ የጠረጉት ውስጡ የሚኖሩት ናቸው። ያወጡትን ጻፍላቸው፤ ሒሳብ ስትነጋገሩ ይታሰብላቸው።

ወጣቱ፦ ከዚያስ?

ሽማግሌው፦ የቀበሌ ውላቸውንና ደረሰኛቸውን ኮፒ አድርግ። የመብራትና የውሃ ቆጣሪው በማን ስም እንደሆነ አጣራ። ከዚያ ቁጭ ብላችሁ አዲስ ውል በጽሑፍ ተዋዋሉና አስመዝግቡ። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ከሚወስነው አያልፍም።

ወጣቱ፦ መክፈል የማይችሉትስ? አንዲቱ እናት ጧሪ የላቸውም።

ሽማግሌው፦ እሳቸውን ይዘህ ወረዳ ሂድ፤ ምትክ የቀበሌ ቤት እንዲሰጣቸው አብረሃቸው አመልክት። ዓመታት ያኖራቸው መንግሥት ነው፤ የሚገቡበትን የማዘጋጀት ዕዳውም የእሱ ነው። መብራት ቆርጠህ፣ ውሃ ዘግተህ እንዳታስወጣቸው። የሚገቡበት እስኪገኝ በነበረው ኪራይ ይቀመጡ።