ገላን የሚነካ ፖሊመር፦ ላቴክስ፣ ፒ.ቪ.ሲ. እና ሲሊኮን

ስለ ፖሊመር ትምህርት ሲሰጥ ብዙውን ጊዜ ምሳሌ ሆነው የሚቀርቡት የውሃ ቧንቧና ፌስታል ናቸው። ከፖሊመር ተሠርተው ከሰውነታችን ውስጠኛ ሽፋን ጋር የሚገናኙ ዕቃዎች ግን እምብዛም አይነሡም። ኮንዶም፣ የወር አበባ መቀበያ ኩባያ፣ የሐኪም ጓንት እንዲሁም የወሲብ መገልገያ መሣሪያዎች ከእነዚህ ይመደባሉ። የመጨረሻዎቹን በተመለከተ ጥያቄ ያለው ሰው የሚጠይቀው አያገኝም፤ ስለዚህ ዕቃውን በመልኩና በዋጋው ይመርጣል። በዚህ ጽሑፍ ዕቃው ከምን እንደ ተሠራ ማወቅ ከሁሉ የሚቀድመው ለምን እንደ ሆነ እንመለከታለን።

በአገራችን በሰፊው ከሚታወቀው እንነሣ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው። ኋላም በሆቴሎቹና በትንንሽ ቡና ቤቶቹ ታወቀ። ዲ.ኬ.ቲ. ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1990 ሥራ ከጀመረ ወዲህ «ሕይወት ትረስት» የተባለው ኮንዶም እንደዚህ ባሉ ሰፈሮች ከሳሙናና ከብስኩት ጎን በየሱቁ መደርደሪያ ላይ ቦታ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የቡና ጣዕም ያለው «ሴንሴሽን» ለገበያ ቀረበ። የዱሮው ካዛንቺስ ሰፊ ክፍል በ2017 ዓ.ም. ፈርሷል፤ የኮንዶሙ ኬሚስትሪ ግን ያው ነው።

ላቴክስ ከጎማ ዛፍ የሚቀዳ ወተት መሰል ፈሳሽ ነው። ረጃጅሞቹ የፖሊአይሶፕሪን ሰንሰለቶች በድኝ አማካይነት እርስ በርስ ሲተሳሰሩ ተለጥጦ ወደ ቦታው የሚመለስ ስስ ጎማ ይገኛል። ዓለም አቀፉ የኮንዶም ደረጃ የሚጠይቀው ፈተና ቀላል አይደለም። አንዱ ናሙና 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ተሞልቶ እንዳያፈስ ይመረመራል፤ ሌላው በአየር ይነፋና መካከለኛ ስፋት ያለው ኮንዶም ቢያንስ 18 ሊትር እስኪይዝ መፈንዳት የለበትም።

ይህ ሁሉ ጥንካሬ በአንድ ጣት ቅባት ሊጠፋ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ላቴክስ ኮንዶም ከማዕድን ዘይት ጋር ለ60 ሰከንድ ብቻ ሲገናኝ በአየር ፈተናው የታየው ጥንካሬ 90 በመቶ ያህል ቀንሷል። ምክንያቱ በኬሚስትሪ ክፍል የምንማረው ነው፤ ተመሳሳይ ተመሳሳዩን ያሟሟል። ጎማውም ዘይቱም የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች በመሆናቸው ዘይቱ በሰንሰለቶቹ መካከል ገብቶ ያሳብጣቸዋል። ቫዝሊን፣ የሕፃናት ዘይትና ቅቤ ከላቴክስ ጋር መገናኘት የሌለባቸው ስለዚህ ነው። በየመድኃኒት ቤቱ የሚሸጠው ግሊሰሪን ዋልታዊ ሞለኪዩል ስለሆነ ጎማውን አይጎዳም። ነገር ግን ሌላ ችግር አለበት፤ ወፍራም ግሊሰሪን በኦስሞሲስ አማካይነት ከብልት ውስጠኛ ሽፋን ውሃ እየሳበ ሕዋሳቱን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ምክር የማለስለሻ ቅባቶች ኦስሞላሊቲ በኪሎ ግራም ከ1200 ሚሊኦስሞል እንዳይበልጥ ያሳሰበው ለዚህ ነው።

ወደ ፒ.ቪ.ሲ. ስንመጣ ጉዳዩ ይለያል። ፒ.ቪ.ሲ. በተፈጥሮው እንደ ቧንቧ ደረቅ ነው። ለስላሳና ተጣጣፊ የሚሆነው አለስላሽ ኬሚካል፣ ብዙውን ጊዜም ፍታሌት፣ ሲጨመርበት ነው፤ ይህም ከዕቃው ክብደት ሲሶውን ሊይዝ ይችላል። ዋናው ነጥብ ፍታሌቱ ከፖሊመሩ ጋር በኬሚካል ቦንድ አለመታሠሩ ነው። በሰንሰለቶቹ መካከል ተቀምጦ ይኖራል፣ ሙቀትና ቅባት ሲያገኝም ቀስ በቀስ ይወጣል። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አንዳንድ ፍታሌቶች የወንዴ ሆርሞንን ሥራ እንደሚያውኩ ታይቷል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ መመሪያ በሕፃናት መጫወቻዎች ውስጥ ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. የተባለውና መሰሎቹ ከ0.1 በመቶ እንዳይበልጡ ወስኗል። የወሲብ መገልገያዎች በዚያ መመሪያ ገደብ ውስጥ አልገቡም ነበር። አንድ ሕፃን አፉ ውስጥ የሚያስገባው አሻንጉሊት ሲመረመር ከብልት ሽፋን ጋር የሚገናኘው ዕቃ ሳይመረመር መቅረቱ፣ በእኛ አስተያየት፣ የኀፍረት እንጂ የሳይንስ ውጤት አይደለም። ለእነዚህ ዕቃዎች የተለየ ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ አይ.ኤስ.ኦ. 3533፣ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ብዙ ሰዎች ዕቃውን አሽትተው መለየት እንደሚቻል ያስባሉ። የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ የሚተንኑ ቅሪቶች መኖራቸውን ያመለክት ይሆናል፤ ዲ.ኢ.ኤች.ፒ. ግን ሽታ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የማይሸት ዕቃ ሁሉ ንጹሕ ነው ልንል አንችልም።

የሲሊኮን የጀርባ አጥንት ሲሊከንና ኦክስጅን እየተፈራረቁ የሚሠሩት ሰንሰለት ነው። አለስላሽ ኬሚካል ሳይጨመርበት ለስላሳ ይሆናል፣ ሙቀትንም በሚገባ ይቋቋማል፤ በመሆኑም ባትሪ የሌለው የሲሊኮን ዕቃ ተቀቅሎ ሊጸዳ ይችላል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነዋሪ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ካዛንቺስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚገኝ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የመጠጥ ውሃን በዝቅተኛ ቦታ ለ1 ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ግን ለ3 ደቂቃ ማፍላትን የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ለምንነጋገርበት ዕቃ እኛ 10 ደቂቃ እንመርጣለን። በተረፈ የሲሊኮን ቅባት የሲሊኮንን ዕቃ ስለሚያሳብጥ በውሃ የተሠራ ቅባት ይሻላል።

የቁሱ ምርጫ ከሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ዕቃ ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ነው። ጥንዶቹ ሁለቱም ሴቶች ሲሆኑ «እርግዝና ስለሌለ ሥጋት የለም» የሚል የተሳሳተ ግምት አለ። የማኅፀን በር ካንሰር የሚያስከትለው ኤች.ፒ.ቪ.፣ ትሪኮሞናስ እና የብልት ባክቴሪያ መዛባት በሴቶች መካከልም በእጅና በጋራ ዕቃ ሊተላለፉ ይችላሉ። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 በተመሳሳይ ጾታ ሰዎች መካከል የሚደረግን የወሲብ ድርጊት ስለሚያስቀጣ ይህን ጥያቄ ለሐኪም የሚያነሣ ጥቂት ነው፤ ቫይረሱ ደግሞ ሕግ አያነብም።

እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ አነስተኛ የአሜሪካ ጥናት 12 ሴቶችን አሳትፎ ሁለት ዓይነት መሣሪያዎችን አነጻጽሯል። ቴርሞፕላስቲክ ኤላስቶመር ከተባለው ለስላሳ ፕላስቲክ በተሠሩት አንዳንዶቹ ላይ ከታጠቡ ከ24 ሰዓት በኋላም የኤች.ፒ.ቪ. ዲ.ኤን.ኤ. ተገኝቷል፤ በሲሊኮኖቹ ላይ ግን በዚያ ሰዓት አልተገኘም። ዲ.ኤን.ኤ. መገኘቱ ቫይረሱ በሽታ ማስተላለፍ ይችላል ማለት እንዳልሆነ፣ የተሳታፊዎቹም ቁጥር ጥቂት እንደ ሆነ መዘንጋት የለበትም። ሆኖም ረቂቅ ቀዳዳ የበዛበት ቁስ ለማጽዳት አስቸጋሪ መሆኑን ከሌላ ዕውቀታችን ጋር አጣጥሞ ያሳያል። ኤች.ፒ.ቪ. የስብ ሽፋን የሌለው ቫይረስ በመሆኑ በኮሮና ጊዜ የለመድነው የእጅ አልኮልም በቀላሉ አያጠፋውም። ቁሱ የማይታወቅ ከሆነ አዲስ ኮንዶም ማልበስና ለእያንዳንዱ ሰው መለወጥ ይበጃል። ክትባቱ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለልጃገረዶች ይሰጣል።

«ሲሊኮን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ዕቃ በእርግጥ ሲሊኮን ስለ መሆኑ ዋስትና የለም። የኬሚስትሪ ተማሪዎች ግን የቤልሽታይንን ፈተና መሥራት ይችላሉ። የመዳብ ሽቦ በነበልባል ላይ ቀልቶ ፕላስቲኩን ይነካና ወደ ነበልባሉ ይመለሳል። አረንጓዴ ነበልባል ከታየ ክሎሪን ወይም ሌላ ሃሎጅን አለ ማለት ነው፤ ፒ.ቪ.ሲ. ሊሆን ይችላል። አረንጓዴ አለመታየቱ ሲሊኮንነቱን አያረጋግጥም፣ ኤላስቶመሩም ክሎሪን የለውምና። ጭሱ መርዛማ ስለሆነ ፈተናው ጭስ መሳቢያ ባለው ላቦራቶሪ፣ በመምህር ፊት ብቻ ይሠራል።