ለውዱእ የሚበቃ ውሃ ለመጠጥም ይበቃልን?

ቢስሚላሂ ረህማኒ ረሂም



ስለ ጦሃራ ስንማር ቀድሞ የሚመጣው የውሃ ነገር ነው። ሰሃቦች ቆሻሻ ይጣልበት ስለነበረው የመዲናው የቡዷዓ ጉድጓድ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቀዋቸው፣ ውሃው ንጹህ መሆኑን እንደነገሯቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። ዑለማዎችም ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውሃ ነጃሳ እንደሚሆን ተስማምተዋል።

ብዙዎቻችን ከዚህ ተነስተን «ከጠራና ካልሸተተ ይጠጣል» እንላለን። ስህተታችን እዚህ ላይ ነው። ይህ መመዘኛ የተሰጠን ለጦሃራ ነው። ለመጠጥ ግን ሌላም መመዘኛ አለ።

ዓይን የማያየው

የዓለም ጤና ድርጅት በ100 ሚሊ ሊትር የመጠጥ ውሃ ውስጥ ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ አንድም እንዳይገኝ ይመክራል። ኢ.ኮላይ በሰውና በእንስሳት አንጀት የሚኖር በመሆኑ፣ በውሃ ውስጥ ከተገኘ ዓይነ ምድር መግባቱን ይመሰክራል። ይህን ዓይንም ምላስም አያውቀውም፤ የሚያውቀው ላቦራቶሪ ብቻ ነው።

ነገሩ የሚከፋው ባክቴሪያው መድኃኒት የተላመደ ሲሆን ነው። አንድ ሰው አንቲባዮቲክ ሲወስድ በአንጀቱ ካሉት ባክቴሪያዎች ደካሞቹ ይሞታሉ፤ መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ግን ተርፈው ይራባሉ፤ ከዓይነ ምድርም ጋር ይወጣሉ። ለከብትና ለዶሮ ያለ አግባብ የሚሰጥ ቴትራሳይክሊንም እንዲሁ ያደርጋል። ሽንት ቤቱ ለውሃ ጉድጓዱ ቅርብ ወይም ከበላዩ ከሆነ፣ ጉድጓዱም አፉ ክፍት ከሆነ፣ የክረምቱ ጎርፍ ይዟቸው ይገባል። መሬት ላይ ሲጎተት የዋለ ገመድና ባልዲም ያስገባቸዋል።

ባክቴሪያዎች የመቋቋሚያውን ዘረመል ለሌላ ዝርያ ጭምር ማስተላለፍ ይችላሉ። ስለዚህ ራሱ በሽታ የማያመጣ ባክቴሪያ ለበሽታ አምጪው መሣሪያ ያቀብላል። ያ ውሃ የጠጣ ሕፃን ሲታመም የተለመደው መድኃኒት ላይሠራለት ይችላል። በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል።

የላይኛውና የታችኛው

ደሴ ከጦሳ ሥር በተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የቦርከና ወንዝም ከደሴ አካባቢ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ስለዚህ ደሴ ላይ የጣልነው ደሴ አይቀርም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በውሃ መውረጃ፣ በመንገድና በጥላ ሥር መጸዳዳትን እርግማን ከሚያስከትሉ ነገሮች ቆጥረው አስጠንቅቀዋል። ከታች የሚቀዳው ጎረቤት ሐቅ አለብን።

ከራሳችን እንጀምር

እውነቱን እንነጋገር። በዶርማችን አንዱ ጉሮሮውን ሲያመው ሌላው የተረፈች አሞክሳሲሊን ከሻንጣው አውጥቶ ይሰጠዋል። ሁለት ቀን ወስዶ ሲሻለው ይተዋል፤ የቀረውን ለሚቀጥለው ያስቀምጣል፣ ወይም ሽንት ቤት ይጥለዋል። በደግነት የምናደርገው ነው። ግን ጉንፋንና አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም በቫይረስ ስለሚመጣ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ የሚነካው በአንጀት ያሉትን ባክቴሪያዎች ነው። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕክምና ሳያውቅ ያከመ ሰው ለሚደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን እንዳስተማሩ አቡ ዳውድ ዘግበዋል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግም በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባደረገው ንግግር፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ባክቴሪያውን እንደሚያላምደው አስጠንቅቆ ነበር።

ምን እናድርግ?

1. የጉድጓድ ውሃ አፍልተን እንጠጣ። መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ እሳትን አልተላመደም። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ይፈላል፤ ስለዚህ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ እናቆየው።

2. ማገዶ ካነሰ እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ በመለያው ላይ በተጻፈው መጠን እንጨምር፤ 30 ደቂቃም እንጠብቅ። የደፈረሰ ውሃ በቅድሚያ በንጹህ ጨርቅ ይጠለል።

3. ጀሪካኑን እንጠብ፣ እንክደን። ዕቃን መክደን ሱና መሆኑንም እናስታውስ።

4. ጉድጓድ ሲቆፈር ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከበላዩም ይሁን። አፉ በሲሚንቶ ይከበብ፤ ክዳንም ይኑረው።

5. አንቲባዮቲክ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ እንውሰድ፣ እንደታዘዘው እንጨርስ፤ ለሌላ አንስጥ።

ዑስማን (ረ.ዐ) የሩማን ጉድጓድ ገዝተው ለሙስሊሞች በነፃ መስጠታቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬም በየመንደሩ ጉድጓድ በማስቆፈር ሶደቃ የሚያደርጉ አሉ፤ አላህ ይቀበላቸው። እኛ ገንዘብ ባይኖረን እውቀት አለን። የጤና ተማሪው ለመንደሩ እናቶች ያስረዳ፣ የምሕንድስናው ተማሪ የጉድጓዱን አፍ ይይ። ክዳን ማሠራትም ሶደተል ጃሪያ ነው።

ለሐለቃ መወያያ

• በቤተሰባችን መንደር ሽንት ቤቱና ጉድጓዱ ምን ያህል ይራራቃሉ? የትኛው ከላይ ነው?

• በሻንጣችን የተረፈ አንቲባዮቲክ አለ? ማን አዘዘው?

• ለውዱእ ስንጉመጠመጥ ውሃው እንዳይዋጥ ታናናሾቻችንን እንዴት እናስተምር?

አላህ የሚጠቅም እውቀት ይስጠን፤ ውሃችንንም ለጎረቤታችን አማና አድርገን የምንጠብቅ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።