የሌለውን ዛፍ በሥዕል ማሳየት፦ አኒሜሽንና የመተማ ዕጣን ደን

ከገንዳ ውሃ ወጣ ብሎ የሚገኘውን የዕጣን ዛፍ ደን በክረምት የተመለከተ መንገደኛ «ደኑ ደኅና ነው» ቢል አይፈረድበትም። ዛፎቹ ቅጠል ለብሰዋል፤ ግንዳቸውም ደንዳና ነው። ጉድለቱ ያለው ከሥራቸው ነው። በመተማ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው ዘሩ ይበቅላል፤ ሆኖም ከቡቃያነት አልፎ ጸንቶ የሚያድግ ወጣት ዛፍ አልተገኘም። ሁኔታው በዚሁ ከቀጠለ በ50 ዓመታት ውስጥ ከዛፎቹ 90 በመቶ ያህሉ እንደሚጠፉ አጥኚዎቹ አስልተዋል።

ይህንን ለአራተኛ ክፍል ተማሪ እንዴት እናስረዳው? ፎቶግራፍ የአንድ ቅጽበት ምስል ነው፤ ከዚህም በላይ የሌለ ነገር ፎቶግራፍ አይነሳም። አኒሜሽን ግን ረጅሙን ጊዜ አጥፎ በአጭሩ ማሳየት ይችላል።

ስሌቱን እንመልከት። ቪዲዮው በሰከንድ 25 ምስሎችን ያሳያል እንበል። 50 ዓመትን በ10 ሰከንድ ለማሳየት 250 ምስሎች ያስፈልጋሉ። 600 ወራት ለ250 ሲካፈሉ በሁለት ተከታታይ ምስሎች መካከል 2.4 ወራት ያልፋሉ ማለት ነው። እዚህ ላይ ችግር ይፈጠራል። የዕጣን ዛፍ በበጋ ቅጠሉን ያረግፋል። ስለዚህ ደኑ በየሰከንዱ አምስት ጊዜ ሲለብስና ሲራቆት ይታያል፤ የልጁም ዓይን በብልጭታው ስለሚያዝ የዛፎቹን መመናመን ልብ አይልም። መፍትሔው ከየዓመቱ አንድ ወቅት ብቻ፣ ይኸውም በጋውን መርጦ መሣል ነው። እያንዳንዱን የበጋ ሥዕል በአምስት ተከታታይ ምስሎች ላይ ብንደግመው 50 ሥዕሎች 10 ሰከንድ ይሞላሉ። ሠዓሊውም ከ200 ሥዕሎች ድካም ይገላገላል!

ከዚህ ፈጣን ጉዞ በፊት ግን የአንድ ዓመት ታሪክ በዝግታ መታየት ይኖርበታል። በክረምት ቡቃያው ብቅ ይላል። በበጋ ከመሬት በላይ ያለው ክፍሉ ሲደርቅ ሥሩ በአፈር ውስጥ በሕይወት ይቆይና በቀጣዩ ዝናብ እንደገና ያቆጠቁጣል። ይህንን ካሜራ የማይደርስበትን ሥር ሠዓሊው አፈሩን እንደ ዳቦ ቆርጦ ሊያሳየው ይችላል። ቀጥሎ ሰደድ እሳቱና ልቅ ግጦሹ ይምጡ።

ተራኪው ማን ይሁን? እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ትምህርቱን በቀጭኔዋ በፀሐይ አማካይነት ለሕፃናት አቅርቧል። ለመተማ ልጆች ፍየል ብትሆን እመርጣለሁ፤ ቡቃያውን የምትበላውም የምትመሰክረውም እርሷ ትሆናለችና። ሰሊጥ አምራቹን ግን ክፉ ሰው አድርጎ መሣል ትልቅ ስሕተት ነው። ደን ለእርሻ መመንጠሩ እውነት ቢሆንም፣ ፊልሙን ከሚያዩት ልጆች የብዙዎቹ ደብተር የሚገዛው ከሰሊጥ በሚገኝ ገንዘብ ነው። አባቱ የተሰደበበት ልጅ ሥዕሉን አያምንም።

የመጨረሻው የበጋ ሥዕል ላይ ድምፁ ይቁም፤ ምስሉም ለግማሽ ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ ይቆይ። መምህሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ያቅርብ፦ «በዚህ ደን ውስጥ ከእናንተ ቁመት የሚያጥር ዛፍ አለ?»