የእጅ መሰንጠቅና መላው

ሙረባዕ ያለን ሁላችን ስንገናኝ መጀመሪያ የምንተያየው እጅ ለእጅ ነው። የሪያድ አየር ደረቅ ነው፤ ኤሲውም የቀረችውን እርጥበት ይወስዳል። የባሰው ግን ሥራችን ነው። ቆዳ ውሃው እንዳይተን የሚከለክል ቅባት አለው፤ ሙቅ ውሃ፣ ሳሙናና ክሎሮክስ የምንለው በረኪና አጥበው ይወስዱታል።

ብዙዎቻችን ቫዝሊን በደረቅ እጅ ቀብተን «አልሠራም» እንላለን። ቫዝሊን እኮ ውሃ አይጨምርም፣ ያለውን ነው የሚይዘው! ስለዚህ በለብታ ውሃ ታጥበሽ፣ በፎጣ ሳታሺ ነካ ነካ አድርገሽ፣ እርጥበቱ ሳይጠፋ ተቀቢ። ማታ ወፈር አድርገሽ ተቀብተሽ ንጹህ የጥጥ ካልሲ እጅሽ ላይ አጥልቂ። ያስቃል፣ ግን ይረዳል።

በረኪና ስትነኪ የላስቲክ ጓንት አድርጊ፣ ከሥሩ ስስ የጥጥ ጓንት ቢኖር ደግሞ ይሻላል። ማዳምን «ቁፋዛት» ብለሽ ጠይቂያት፣ ነውር የለውም። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅይ፤ ጋዙ ሳንባ ይጎዳል።

የሚያነጣ ክሬም ለዚህ መድኃኒት አይደለም። አንዳንዱ ሜርኩሪ አለበት፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ያበላሻል።

ስንጥቁ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ቫዝሊኑን ትተሽ እጅሽን ለማዳም አሳያትና ሐኪም ቤት ውሰጂኝ በያት።