ከኋላ የሚነፍስ ነፋስና ስፒናከር የሚባለው ሸራ

ከመርሳ ወደ ወልድያ በሚወጣ አይሱዙ ጭነት ላይ የተቀመጠ ሰው፣ ነፋሱ ከደቡብ ሆኖ መኪናው በነፋሱ ፍጥነት ልክ ከሄደ፣ ነጠላው እንኳ አይርገበገብም። ሹፌሩ ፍሬን ሲይዝ ግን ነፋሱ ድንገት ጀርባውን ይመታዋል። ያ ነፋስ ያን ጊዜ የተነሳ አይደለም፤ ከመኪናው ጋር እኩል ይሄድ ስለነበር ነው ያልታወቀው። መርሳ ያለችበት ሀብሩ ወረዳ ባሕር ባይኖረውም፣ ይህ የገባው ሰው በመርከበኞች ዘንድ ከሚፈሩት ሸራዎች የአንዱን ጠባይ ግማሹን አውቋል።

ስፒናከር ከስስ ናይለን የሚሰራ፣ ሆዱ የሚነፋ ሰፊ ሸራ ነው። ሌሎቹ ሸራዎች አንድ ጠርዛቸው በምሰሶው ወይም በሽቦ ላይ ከላይ እስከ ታች የተያዘ ነው። ይሄኛው ግን የሚያዘው በሦስት ማዕዘኖቹ ብቻ ነው፦ አንዱ ከምሰሶው ጫፍ፣ ሁለቱ ከታች በገመድ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለውን የታች ማዕዘን ከምሰሶው የሚወጣ ዘንግ ወደ ውጭ ገፍቶ ይይዘዋል። ዘንጉ በጀልባው ላይ ለሚሰማው ነፋስ አግድም ይቆማል፤ ሁለቱ የታች ማዕዘኖች በቁመት እኩል ይሆናሉ። የሌላኛው ማዕዘን ገመድ ደግሞ የሸራው የነፋስ ጠርዝ መታጠፍ እስኪጀምር ይላላና ጥቂት ይሳባል።

አሁን ወደ አይሱዙው ሒሳብ እንመለስ። ነፋሱ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ቢነፍስ፣ ጀልባው ከፊቱ በ11 ቢሮጥ፣ ሰዎቹ የሚሰማቸው 17 ብቻ ነው። ጀልባው ዞሮ ነፋሱን በጎኑ ሲቀበል ግን ወደ 30 ይደርሳል። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለሆነ፣ ሸራው ላይ የሚያርፈው ጫና በአንድ ጊዜ 3 እጥፍ ይሆናል። ጀልባው በጎኑ ይጋደማል፤ መሪው ከውሃ ወጥቶ አልታዘዝ ይላል። ከኋላ የሚመጣ ነፋስ ገር መስሎ የሚያታልለው በዚህ ነው።

አቅጣጫ ለመቀየር፣ ማለትም ነፋሱን ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ ትከሻ ለማሻገር፣ የሚደረገው ዙር ጃይብ ይባላል። መሪ ያዡ ጀልባውን ነፋሱ ቀጥ ብሎ ከኋላ እስኪመጣ ያዞረዋል፤ ገመድ ያዦቹ ስፒናከሩን ከጀልባው ፊት ለፊት መሃል ላይ ያቆሙታል። ከፊት ያለው ሰው ዘንጉን ከምሰሶው ነቅሎ ያን ጫፍ በአዲሱ ማዕዘን ላይ ይቆልፋል፤ ከዚያ ሌላውን ጫፍ ከአሮጌው ማዕዘን ፈትቶ ምሰሶው ላይ ያስገባዋል። ለአፍታ ሸራው ዘንጉ ምሰሶው ላይ ሳይደገፍ ይቆማል። በዚህ መሃል ዋናው ሸራ ከነአግዳሚ እንጨቱ ወደ ሌላው ጎን ይሻገራል፤ ገመዱ አስቀድሞ ካልተሰበሰበ እንጨቱ ጭንቅላት ይመታል።

ብዙ አስተማሪ ስለ ዘንጉና ስለ ገመዱ ይደክማል። እኔ ግን ጃይብ ሲበላሽ መጀመሪያ የማየው መሪ ያዡን ነው። ሸራው ወደ ቀኝ ሲያደላ ጀልባውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲያደላ ወደ ግራ እየመራ ከሥሩ ካልተለየ፣ ከፊት ያለው ሰው ቢዘገይም ችግር የለም። ቸኩሎ ካዞረ ግን የማንም ፈጣን እጅ አያድነውም።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ለሚጓዙበት ጀልባ ዘንግ የሌለው ዓይነት ይሻላል። አንዱ የታች ማዕዘን ከጀልባው አፍንጫ ላይ ይታሰራል፤ ሲዞሩ አሮጌውን ገመድ ለቆ አዲሱን መሳብ ነው፣ ሸራው ከፊት በኩል ዞሮ ይሻገራል። ከላይ ወደ ታች የሚሳብ ረጅም የጨርቅ እጅጌ ከተጨመረበትም ሸራው ውስጡ ገብቶ ይታፈናል።

ለማውረድ ጀልባውን ነፋሱ ከኋላ ወደሚመጣበት መልሶ፣ ስፒናከሩን ከዋናው ሸራ ጥላ ሥር ማስገባትና አንዱን ማዕዘን ለቆ ጨርቁን መሰብሰብ ነው። የሌሎች ሸራዎች ገመድ እንዳያመልጥ ጫፉ ይቋጠራል። የስፒናከር ገመድ ግን አይቋጠርም፤ እጅ ላይም አይጠቀለልም። ጀልባው ከተጋደመ የመጨረሻው መፍትሔ ገመዱን ጨርሶ መልቀቅ ስለሆነ፣ ቋጠሮው መዘውሩ ላይ ቢሰነቀር ሸራው ነፋሱን እንደያዘ ይቀራል።